የሸህ እንድሪስ ኩስኩስት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐጂ አብዱልሐሚድ ቤት የገባ እንግዳ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ሰው አይደለም፤ ኩስኩስቱን ነው። በሩን አልፎ ጫማውን እንዳወለቀ የመስታወት ቁም ሳጥን ይጠብቀዋል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ መብራት ተገጥሟል፤ ከመብራቱ ሥር አረንጓዴ ከፋይ ተነጥፏል፤ ከፋዩ ላይ ነጭና ሰማያዊ ጆግ ተቀምጧል። ሆዱ ደንበል ያለ፣ ገላው ላይ ቅጠል በቅጠል ላይ የተነባበረበት፣ በቅጠሎቹ መሐል ሰማያዊ አበባ የተበተነበት ነው። እጀታው አንድ ጊዜ ተሰብሮ በብረት ተሰፍቷል። ከአፉ ሥር ደግሞ አንገቱን የጠቆረ ብር ይዞታል። በዚያ ቤት ግን «ጆግ» ብሎ የጠራው ሰው ወዮለት። የሸህ እንድሪስ ኩስኩስት ነው።

ታሪኩን የዘመድ ልጅ ሐፍሳ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለሰማችው ቃል በቃል ትወጣዋለች። የሐጂ አያት ሸህ እንድሪስ ከወሎ ተነስተው፣ በእግርም በግመልም ወርደው፣ ባሕር ተሻግረው፣ ሐጅ አድርገው ሲመለሱ ከመካ ይዘውት የመጡት ነው። ቅጠሉ የጀነት ቅጠል ነው። እጀታው የተሰበረው ግመሏ ስትወድቅ ነው። ብሩን ሸሁ ለክብሩ ብለው ያሠሩለት ነው። ማስረጃ የሚል ካለ ደግሞ ሐጂ ኩስኩስቱን ቀስ አድርገው ይገለብጡታል። ከታች፣ መቀመጫው ላይ፣ ትንሽ ሰማያዊ ጨረቃ አለች። «ይህቺን እንግዲህ ማን ሊስላት ኖሯል?» ይላሉ፤ እንግዳው ማሻአላህ እስኪል ድረስም ወደ ቦታው አይመልሱትም።

በዚያ ዘር ውስጥ ሴት ልጅ ስትዳር በኒካሑ ዕለት ዱዓ የተደረገበት ውሃ በኩስኩስቱ ይቀርብና እጇን ትታጠባለች። ምጥ የሚያሰጋት ከዚያው ትጎነጫለች። የግሪን ካርድ ኢንተርቪው ያለበት ጎልማሳ ሳይቀር ከጀርመንታውን እየነዳ መጥቶ ፊቱን አብሶ ይሄዳል፤ ግሪን ካርዱ ቢመጣ በኩስኩስቱ ነው፣ ባይመጣ በጠበቃው ነው። ውሃውን የሚያፈሱት ሁሌም አንድ ሰው ናቸው፤ የሐጂ ሚስት ሐጃ ዓሪፋ።

የሐፍሳ እናት ዘይነብም የሸህ እንድሪስ የልጅ ልጅ ናት፤ በደም ከሄድን ከሐጂ እኩል ነች። ልዩነቱ የሐጂ ሴት አያት የሸሁ ቤት እመቤት ሲሆኑ የዘይነብ ሴት አያት ከበቡሽ የቤቱ ገረድ መሆኗ ነው። ሸሁ በኋላ በኒካሕ አግብተዋታል። ገረድነት ግን በኒካሕ የሚለቅ እድፍ አልሆነም፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሜሪላንድ ገብቶም አልለቀቀም። ሐጂ ሰው ፊት ዘይነብን «እህቴ» ይሏታል። እህታቸው በየድግሱ ከማድ ቤታቸው አትወጣም። ሳህን ታጥባለች፣ ትሪ ትሸከማለች፣ ሲመሽ የተረፈውን ምግብ በፌስታል ቋጥረው ወደምትኖርበት አሌክሳንድሪያ ይሸኟታል። እሷም አመስግና ትቀበላለች። ሐፍሳን የሚያበግናት ይኸው ምስጋና ነው።

ሐፍሳ ኮሌጅ ገብታ ሳትጨርስ ትታዋለች። ከዚያ ወዲህ ያወቀችውን ሁሉ ያወቀችው በራሷ ነው፤ ይህንንም ሰው እንዲረሳባት አትፈልግም። የዘመድ የቤት ኪራይ ሊዝ ታነባለች፣ የታክስ ወረቀት ታርማለች፣ የሐኪም ትእዛዝ ታስረዳለች፤ ስታስረዳ ግን ሰውየው ራሱ አለማወቁን ሳያውቅ እንዳይሄድ ትጠነቀቃለች። «ምላሷ ባይኖር ወርቅ ልጅ ነበረች» ይላሉ አሮጊቶቹ። እጮኛዋ መርዋን ውድብሪጅ የሚኖር ኤሲ ጠጋኝ ነው፤ ዝም ባይ፤ ሁለቱ የተስማሙት አንዱ ዝም ስለሚል ነው ይባላል።

ኒካሑ ሲቃረብ ሐፍሳ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች። አዳራሹ ቢጠብ፣ ዲኮሩ ቢቀር ግድ የላትም። እጇን የምታስታጥባት እናቷ ትሁን። ሐጂ ቤት ሄዳ በወጉ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። ሐጃ ዓሪፋ በጋብቻ የመጡ እንጂ የሸሁ ዘር እንዳልሆኑ፣ እናቷ ግን ዘር እንደሆነች አስታወሰች። ሐጂ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ እስክትጨርስ ሰሟትና ፈገግ አሉ።

«የኔ ልጅ» አሏት፤ «የሸሁ ውሃ በማንም እጅ አይፈስም።»

«ማንም» የተባለችው ሴትዮ በዚያች ሰዓት የሻይ ትሪ ይዛ ከጀርባቸው ቆማ ነበር። ስኒዎቹን አንድ በአንድ አስቀመጠች፤ ስኳሩን ወደ ሐጂ አስጠጋች፤ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ወደ አሌክሳንድሪያ ሲነዱ ሐፍሳ መሪውን ስትደበድብ ዘይነብ የምትለው አንድ ቃል ነበር፤ ተዪው።

ሐፍሳ የመተው ተሰጥኦ የላትም።

የምትሠራው አሌክሳንድሪያ ኦልድ ታውን ውስጥ ባለ አንድ የአንቲክ ሱቅ ነው። የሞቱ ሰዎች ዕቃ በካርቶን ይመጣል፤ እሷ ትፈታለች፣ ትወለውላለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ኦንላይን ትለጥፋለች። እናም ሐጂ «ማንም» ካሉ በኋላ በዚያው ወር፣ አንዲት አሮጊት ሞተው ቤታቸው ተጠርጎ የመጣ ካርቶን ስትፈታ ከጋዜጣው ውስጥ የሸህ እንድሪስ ኩስኩስት ወጣ።

ያው ሆድ፣ ያው ሰማያዊ አበባ፣ ያው የተነባበረ ቅጠል። ገለበጠችው። ጨረቃዋ አለች። እጀታው ግን ተሰብሮ አያውቅም፤ ብርም የለውም። ብሩ ሊኖር በሚገባው ቦታ፣ ከአፉ ሥር፣ ጉንጩ የተነፋ ጺማም ሽማግሌ ፊት ከፖርሴሊን ሸክላው ጋር ተቀርጾ ወጥቷል። ሐፍሳና ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ተያዩ። ከዚያ ብቻዋን ሳቀች፤ የሱቁ ባለቤት ከውስጥ ምን ሆንሽ እስክትላት ድረስ ሳቀች።

ያን ሰሞን ስለ ጆጉ ያላነበበችው የለም። የሱቁን መጻሕፍት ጨርሳ ላይብረሪ ሄደች፤ ከላይብረሪ ተመልሳ የጨረታ ቪዲዮ አየች። ጆጉ የተሠራው ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ እንግሊዝ አገር ዉስተር በምትባል ከተማ፣ ወንዝ ዳር ባለ ፋብሪካ ነው። እንግሊዞች የቻይናን ፖርሴሊን አይተው ልባቸው ጠፍቶ ነበር፤ አሠራሩን ግን አላወቁትም። ስለዚህ የሳሙና ድንጋይ የሚባል ልስልስ ድንጋይ ፈጭተው ከጭቃው ጋር ለውሰው የራሳቸውን አበጁ። አበባው በእጅ የተሳለ እንኳ አይደለም። መዳብ ላይ ይቀረጻል፣ ሰማያዊ ቀለም ይቀባል፣ በስስ ወረቀት ይታተማል፣ ወረቀቱ እርጥብ ሳለ ጆጉ ላይ ይለጠፋል። አንዷ ሴት ትለጥፋለች፣ ሌላዋ ትልጣለች፣ ቀኑን ሙሉ። ቅጠሉ የጀነት አይደለም፤ ጥቅል ጎመን ነው፤ ሰብሳቢዎቹም የሚጠሩት የጎመን ቅጠል ጆግ እያሉ ነው። ጨረቃዋ የፋብሪካው ምልክት ናት። ለምን ጨረቃ እንደመረጡ መጻሕፍቱ አይስማሙም፤ የመረጣት ሰው ግን ስለ መካ አላሰበም።

ብሩም ገባት። አንድ አንጥረኛ ወሎ ላይ ተቀምጦ ሽማግሌውን ሸፍኖታል። የሰው ፊት ያለበት ዕቃ ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ፣ አይሆንማ።

ለመርዋን ደውላ ነገረችው። ለሐጂ ለብቻቸው ብትነግሪያቸውስ አላት። ለብቻቸው ከነገርኳቸው ለብቻቸው ይቀብሩታል አለችው። ታዲያ ምን ይጠቅምሻል አላት። ያ ጆግ ተራ ጆግ ከሆነ የእናቴ እጅ የሚከለከልበት ምክንያት የለም፤ ሰው ሁሉ ባለበት ነው የከለከሏት፣ ሰው ሁሉ ባለበት ይመልሱላታል አለችው። ሒሳቡ ለሷ ልቅም ያለ ነበር። ለእናቷ ግን አልነገረቻትም። ስጦታ አስቀድሞ አይነገርም ብላ ነው።

ኒካሑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሁለቱ ቤተሰብ ሐጂ ቤት ተሰበሰበ። የመርዋን አጎት ከውድብሪጅ መጥተዋል፤ አሮጊቶቹ በሶፋው፣ ወጣቶቹ በምንጣፉ ላይ ናቸው። ረጅሙ ጠረጴዛ ላስቲክ ለብሶ ሳምቡሳና ሙሸበክ ተደርድሮበታል። ዘይነብ ማድ ቤት ናት። የአዳራሹም የምግቡም ነገር ካለቀ በኋላ ሐጂ እንደልማዳቸው ቁም ሳጥኑን ከፈቱ፤ ኩስኩስቱን አውጥተው በሁለት እጃቸው ይዘው ለመርዋን አጎት ታሪኩን ጀመሩ። ግመሏ ስትወድቅ ሐፍሳ አፏን ከፈተች።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ብሩ ሥር ምን እንዳለ ያውቃሉ?»

«አንገቱ ነዋ» አሉ ሐጂ፤ ሰዉ ሳቀ።

«ጺማም ፈረንጅ ነው ያለው።»

አሁን የሳቁት ወጣቶቹ ብቻ ናቸው። ሐፍሳ ተነስታ ስልኳን ለመርዋን አጎት ሰጠቻቸው፤ ከሳቸው ወደ አሮጊቶቹ ዞረ። ጆጉን፣ ፊቱን፣ ጨረቃዋን አዩ። እንግሊዝ አገር የተሠራ የእንግሊዝ ዕቃ ነው አለች፤ መካን አይቷት አያውቅም። ሐጂ ስልኩን አልነኩትም። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ሁሉ ካመንን ኢማናችንን እዚያው እንፈልግ አሉ። ጥሩ መልስ ነበር፤ ሰዉ ትንሽ ተነፈሰ። ሐፍሳ ግን የመጣችው ለዚህች ነበር።

«እንግዲያው ብሩ ይነሳና ይታይ። ሥሩ ምንም ከሌለ ሰው ፊት እግርዎን ይዤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊት ካለ ግን በኒካሕ ቀኔ እናቴ ታስታጥበኛለች።»

ዘይነብ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

«ሐፍሳ፣ ተይ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግማ፣ «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ተይ።»

ሐፍሳ የእናቷን «ተይ» ስትሰማ ነው ያደገችው፤ አሁንም ያው ፍርሃት መሰላት። ሐጂም ቢሆኑ ወደኋላ የሚሉበት በር አልነበራቸውም፤ የሙሽራው ወገን እያየ ነው። ደግሞም ያምኑ ነበር። ይህንን መካድ አይቻልም፤ ሰውዬው ከልባቸው ያምኑ ነበር። ይሁን አሉና ልጃቸውን ኢርፋንን ጠርተው ቢላዋ አምጣ አሉት።

ብሩ ስስ ነበር። ኢርፋን ጫፉን በቢላዋ ቀና ሲያደርገው እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተቀለበሰ፤ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀና እጁ ላይ ቀረ። ከሥሩ ሽማግሌው ወጣ። ከሱቁ ሽማግሌ የሚለየው ንጣቱ ነው፤ ዕድሜውን በጨለማ ስላሳለፈ ወተት መስሏል። ጉንጩን ነፍቶ ሳሎኑን ያያል።

አንዷ አሮጊት አስተግፊሩላህ አሉ፤ ሌሎቹ በከንፈራቸው ተከተሉ። ከፎልስ ቸርች የመጣች፣ ሦስት ልጆቿን ስትወልድ ከዚያ ውሃ የተጎነጨች ሴት አፏን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። እዚህ ላይ ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ሐፍሳ ግን ያነበበችው ገና አላለቀም። የዉስተርን ፋብሪካ ነገረቻቸው፤ የሳሙና ድንጋዩን፣ የመዳብ ሰሌዳውን። ቅጠሉ ጥቅል ጎመን ነው አለች። ኢርፋን ሳያስበው ሳቅ አመለጠውና አባቱን አይቶ ዋጠው።

ሐጂ አብዱልሐሚድ ጆጉን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳምቡሳው አጠገብ አስቀመጡት። እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ዘይነብ» አሉ። «እህቴ» አላሉም። «የልጅሽን ዕቃ ውሰጂ። ቤቴ ውስጥ ምስል አላኖርም።»

«የኒካሑስ?» አለች ሐፍሳ።

«ተናግሬያለሁ፣ አልሽራትም። እናትሽ ታስታጥብሽ።»

ሐፍሳ ዞራ እናቷን አየች፤ ፊቷ ላይ የድል ብርሃን አለ። ያኔ ነው እስካሁን ቃል ያልተነፈሱት ሐጃ ዓሪፋ ከሶፋው ጥግ የጠየቁት።

«በምን?»

ሲመለሱ ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር። ዘይነብ ጆጉን በሻሿ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛዋለች፤ ፊት ያለበትን ወገን ወደ ሆዷ አዙራ። ሐፍሳ እስከ ድልድዩ ድረስ ብቻዋን አወራች። የሐጂን ፊት አየሽው ወይ አለች። ኢርፋን ሲስቅ አየሽው ወይ አለች። እናቷ መልስ ስላልሰጠቻት ደስታ አፍ ያስያዛት መሰላት።

«አውቅ ነበር» አለች ዘይነብ።

«ምኑን?»

«የፈረንጅ መሆኑን። ያመጣችው ከበቡሽ ናት።»

ፊታቸው ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ፤ ሐፍሳ አልተንቀሳቀሰችም፤ ከኋላ ክላክስ ሲጮህባት ነው የነዳችው። ዘይነብ ወደ መስኮቱ እያየች ነገረቻት። ከበቡሽ ልጃገረድ ሳለች ደሴ ላይ አንድ እንግሊዝ ሐኪም ቤት ሳህን አጣቢ ነበረች። ሐኪሙ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ሠራተኞቹን የፈለጋችሁትን ውሰዱ አላቸው። አንዱ ወንበር ወሰደ፣ አንዱ ብርድ ልብስ ወሰደ፣ እሷ እጀታው የተሰፋውን ጆግ ለመነች። እስከዚያ ቀን ድረስ የኔ የምትለው የሚያምር ነገር ኖሯት አያውቅም። ሸህ እንድሪስ ቤት ስትቀጠር በእራፊ ቋጥራው ገባች። ሸሁ አንድ ቀን አዩት፤ ወደዱት፤ ግን ፊት አለበት፣ ውዱእ አይደረግበትም አሉ። ከእናቷ የወረሰችው የብር አምባር ነበራት፤ ሌላ ምንም የላትም። አውልቃ ለአንጥረኛ ሰጠችው። ከዚያ ወዲያ ሸሁ እስኪሞቱ ድረስ ለአምስቱም ሶላት ውሃ ያፈሰሰችላቸው እሷ ናት፤ በሚስትነትም ያገቧት ከዚያ በኋላ ነው።

«ሰው ከየት መጣ ሲላቸው ሸሁ ዝም ይሉ ነበር» አለች ዘይነብ። «ዝምታቸውን ሰው መካ አደረገው። ሲሞቱ የእመቤቷ ልጆች ወሰዱት፤ ግመልም ጨመሩበት።»

«ከበቡሽ ዝም አለቻቸው?»

«ትስቅ ነበር። የኔ ከተባለ ማጀት ይጣላል፣ የመካ ከተባለ ራስጌ ይቀመጣል ትለኝ ነበር። ሰው ሲስመው ቆማ ታያለች። እኔም ሐጂ ቤት ሳህን ሳጥብ ቀና እያልኩ አየዋለሁ። ከበቡሽ መብራት በርቶላት፣ ከፋይ ተነጥፎላት ተቀምጣለች እላለሁ። ሐጂ በገዛ እጃቸው አቧራዋን ሲያራግፉላት። ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ ቤት ጎንበስ ያልኩት ማንን ብዬ ይመስልሻል?»



«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ሐፍሳ።

«ብነግርሽ የትኛው አፍሽ ዝም ይል ነበር?»

ድልድዩን ተሻግረው ከዋናው መንገድ ወጡ። አፓርታማቸው ፓርኪንግ ደርሰው ሞተሩ ሲጠፋ ዘይነብ ሻሹን ገልጣ የጆጉን አንገት በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«ብሩን ይዘሽዋል?»

አልያዘችውም። እዚያው መኪና ውስጥ ኢርፋን ጋ ደወለች። ኢርፋን ጥሩ ልጅ ነው፤ ወርዶ ፈለገ፤ ቆይቶ ተመልሶ በእንግሊዝኛ አስረዳት። እናቱ ብሩን ያስቀመጠበትን የጠረጴዛ ላስቲክ ከነፍርፋሪው ጠቅልላ አውጥታ ጥላዋለች። የግቢው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ገብቶ እንዲያይላት ሐፍሳ ለመነችው፤ ለምና የማታውቅ ልጅ። አየ። የገባው ብዙ ነው፣ አላገኘሁትም፣ ሶሪ አላት። ዘይነብ የሰማች አትመስልም፤ በሩን ከፍታ ወርዳለች፤ ጆጉን አቅፋ ደረጃውን እየወጣች ነው።

ሁለቱ ሳምንታት ዝም ብለው አለፉ። ጆጉ ፍሪጁ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ ወደ ግድግዳ። ሐፍሳ አንድ ማታ ሐሳብ አመጣች፤ ኒካሑ ላይ በዚሁ ጆግ አስታጥቢኝ፣ እኔ ቆሜ የከበቡሽን ታሪክ ለሰዉ ሁሉ እናገራለሁ፣ የሷ መሆኑን ይወቁ አለቻት። በዚህ ጊዜ በእውነት ለእናቷ ብላ ነው፤ ቢያንስ እንደዚያ መስሏታል። ዘይነብ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አላቆመችም።

«አንድ ጊዜ ሰው ፊት አራቁተሻታል» አለች። «ይበቃታል።»

ኒካሑ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። ሐጂ አብዱልሐሚድ መጡ፤ ከፊት ተቀመጡ፤ ዱዓውንም እሳቸው አደረጉ፤ ድምፃቸው አምሮ ነበር። ሲጨርሱ በእጃቸው ወደ ማድ ቤቱ ምልክት ሰጡ። ቃላቸውን የሚበሉ ሰው አይደሉም።

ዘይነብ ወጣች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሐፍሳ ራሷ ናት የገዛችላት። በቀኝ እጇ የአዳራሹን የፕላስቲክ ጆግ፣ በግራዋ ሳፋ ይዛለች፤ ክንዷ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋለች። ጆጉ ጁስ የሚቀዳበት ነው። በሐጃ ዓሪፋ ጊዜ ኩስኩስቱ ሲወጣ ሰዉ ሁሉ ብድግ ይል ነበር፤ ወሬ ይቆም ነበር፤ ልጆች ዝም ይባሉ ነበር። አሁን የተነሳ የለም። ግማሹ ስልኩን ያያል፤ ግማሹ ስለ ፓርኪንጉ ያወራል። ካሜራ የያዘው ልጅ ምግብ ሊቀርብ ነው ብሎ ካሜራውን አውርዷል።

ዘይነብ ልጇ ፊት ደርሳ ጎንበስ አለች። ሐፍሳ እጆቿን ዘረጋች። ሒናው እስከ ክርኗ ወጥቷል። ውሃው ለብ ያለ ነበር፤ እናቷ ማድ ቤት ውስጥ አሙቃዋለች። ሐፍሳ ቀና ብላ ዓይኗን ፈለገች፤ ዘይነብ ግን የምታየው ውሃውን ነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠበቻት፣ ሕፃን ሳለች እንደምታጥባት፣ አስተካክላ፣ ሳትቸኩል። አደረቀቻት። ቢስሚላህ አለች፤ የሰማት ሐፍሳ ብቻ ናት።

ከሙሽራዋ ቀጥሎ የተቀመጡት ከውድብሪጅ የመጡ የመርዋን ወገን፣ ወፍራም የወርቅ ሰንሰለት ያደረጉ ሴትዮ ናቸው። ከዚያ በፊት ዘይነብን አይተዋት አያውቁም። የእጃቸውን አምባር ወደ ላይ ሰብሰብ አድርገው፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ሁለት እጃቸውን ሳፋው ላይ ዘረጉ።

ሐፍሳ «እናቴ ናት» ልትል አፏን ከፈተች። ዘይነብ በዓይኗ ከለከለቻት፤ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ቀጥ ብላ ያየቻት ያኔ ነው። ከዚያም ሴትዮዋ ፊት ጎንበስ ብላ ውሃውን አፈሰሰችላቸው። ሴትዮዋ ፎጣውን ሲመልሱላት ከጎናቸው ያሉት እጃቸውን ዘረጉ፤ ከሳቸው ቀጥሎ ያሉትም። ዘይነብ ሳፋውን ወደ ሌላ እጇ አዛውራ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደች።